ያለውን መኪና ማቆየት ወይስ መለወጥ

በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ስለ መኪና ወጪ የተጻፉ የምክር መጻሕፍት ከሞላ ጎደል ሁሉም ከአንድ እውነታ ይነሣሉ፤ ይኸውም አዲስ መኪና ከሻጩ ቅጥር ከወጣበት ቀን ጀምሮ ዋጋው እየወረደ መሄዱና በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዓመታት ውስጥ ከዋጋው ትልቁን ድርሻ ማጣቱ ነው። የሒሳብ ባለሙያዎች የእርጅና ቅናሽ የሚሉት ይህ የዋጋ መውረድ በእነዚያ አገሮች ብዙ ጊዜ ከነዳጅም ከጥገናም በላይ የባለቤቱን ኪስ የሚጎዳ ወጪ በመሆኑ፣ ሦስት ወይም አራት ዓመት ያገለገለ መኪና ገዝቶ ለረጅም ጊዜ መንዳት የተለመደ ምክር ሆኗል። ይህንን ምክር እንዳለ ወደ አዲስ አበባ ማምጣት ግን አይቻልም፤ በኢትዮጵያ ላለፉት ብዙ ዓመታት የነዳጅ መኪና ዋጋ በብር ሲለካ መኪናው ባረጀ ቁጥር ሲጨምር እንጂ ሲቀንስ አልታየምና። ከዐሥር ዓመት በፊት የተገዛ ቪትዝ ወይም ኮሮላ ዛሬ ከተገዛበት ዋጋ በብዙ እጥፍ መሸጡ ለአገሩ አንባቢ እንግዳ ነገር አይደለም።

የዚህ ነገር ሥር ግብር ነው። እስከ 2012 ዓ.ም. ሲሠራበት በቆየው የኤክሳይዝ ሕግ መሠረት የሞተሩ ይዘት፣ ማለትም የሲሊንደሮቹ ጠቅላላ ስፋት፣ ከ1,800 ሲሲ በላይ የሆነ የቤት መኪና 100 በመቶ ኤክሳይዝ ይከፍል ነበር፤ 35 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ፣ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስና 10 በመቶ ሱር ታክስም እያንዳንዳቸው ከነሱ በፊት በተደመረው ላይ ይሰሉ ስለነበር፣ ወደብ ሲደርስ 100 ብር ያወጣ መኪና ቀረጡ ተከፍሎ ሲወጣ 341 ብር ገደማ ይደርስ ነበር። ሕጉ በአሮጌና በአዲስ መኪና መካከል የኤክሳይዝ ልዩነት ስላላደረገና ያገለገለ መኪና መነሻ ዋጋው ዝቅተኛ ስለነበረ፣ አስመጪውም ገዢውም ወደ አሮጌው ማዘንበላቸው የሚጠበቅ ነበር። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1186 ይህንን አካሄድ ገለበጠው፤ አነስተኛ ሞተር ያላቸውን አዲስ መኪኖች ኤክሳይዝ ወደ 5 በመቶ ሲያወርድ፣ ከሰባት ዓመት በላይ ባገለገሉት ላይ ግን እስከ 500 በመቶ ጫነ። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በአገር ውስጥ ያለው ነዳጅ መኪና በዚህ ሁሉ ምክንያት ምትክ የማይገባለት ዕቃ ሆነ፤ ምትክ የሌለው ዕቃ ደግሞ ቢያረጅም ይወደዳል።

ይህ የዋጋ መናር ባለ መኪናውን በቀላሉ ያታልላል። በ400,000 ብር የገዛው መኪና 1,200,000 ብር ሲጠየቅበት ባለቤቱ 800,000 ብር ያተረፈ ይመስለዋል፤ ይሁን እንጂ መኪናውን ሸጦ ያለ መኪና ለመኖር ካልቆረጠ በስተቀር ገንዘቡ ተመልሶ የሚገባው እዚያው ገበያ ውስጥ ነው። ሰውየው ሊገዛው የሚያስበው የተሻለ መኪና ያኔ 900,000 ብር ነበረ እንበል፤ ሁለቱም እኩል በሦስት እጥፍ ቢያድጉ የመጀመሪያው 1,200,000፣ ሁለተኛው 2,700,000 ብር ይሆናል፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነትም ከ500,000 ወደ 1,500,000 ብር ከፍ ይላል። ለዋጭ የሚከፍለው ይህንን ልዩነት ነውና፣ መኪናው በተወደደ ቁጥር መለወጥ የቀለለ ቢመስልም እየከበደ ሄዷል። ስለዚህ «መኪናህ ጥሩ ዋጋ ያወጣል፣ አሁን ሽጠው» የሚለው የደላላ ምክር ብቻውን ምንም የሚያረጋግጠው ነገር የለም፤ መጠየቅ ያለበት ልዩነቱ ስንት እንደሆነና በዚያ ልዩነት ምን እንደሚገዛ ነው።

ሁለተኛው የስሕተት ምንጭ ያለፈ ወጪ ነው። በምጣኔ ሀብት ትምህርት የማይመለስ ወጪ የሚባለው አንድ ጊዜ ከወጣ በኋላ ምንም ዓይነት ውሳኔ ቢወሰን ተመልሶ የማይገኝ ገንዘብ ሲሆን፣ ለነገ በሚደረግ ውሳኔ ውስጥ ቦታ ሊሰጠው አይገባም። ባለፈው ዓመት ሞተሩን አስወርዶ ላሳደሰ ሰው ይህ ወጪ በሁለት ተቃራኒ አቅጣጫ ያሳስተዋል፤ አንዱ «ይህን ያህል አፍስሼበት እንዴት እሸጠዋለሁ» ብሎ መሸጥ የነበረበትን መኪና ያቆየዋል፣ ሌላው ደግሞ «ገንዘቤን በላው» ብሎ ተማሮ ገና አሁን ጤነኛ የሆነውን መኪና ይሸጠዋል። ሁለተኛው ስሕተት ብዙ ጊዜ ሳይስተዋል ያልፋል፤ ፍሪሲዮኑ፣ ጎማውና የፊት እግሩ በቅርብ የተለወጠለት መኪና የሚቀጥሉትን ሁለት ሦስት ዓመታት በአነስተኛ ወጪ ሊያገለግል የሚችል ነው፤ የዚያን ጥገና ጥቅም የሚሰበስበው ግን አዲሱ ገዢ ይሆናል። ትክክለኛው ሒሳብ የሚጀምረው ከዛሬ ነው፤ ይህን መኪና ከዛሬ ጀምሮ ለአምስት ዓመት ለማንቀሳቀስ ምን ያህል ይወጣል፣ ሌላውንስ ለመግዛትና ለአምስት ዓመት ለማንቀሳቀስ?

በዚህ ሒሳብ ውስጥ አብዛኛው ሰው በመጀመሪያ የሚያነሣው ነዳጅ ነው፤ ይህም አግባብ አለው። መንግሥት የነዳጅ ድጎማን ደረጃ በደረጃ ማንሣት ሲጀምር፣ በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ፣ አንድ ሊትር ቤንዚን በአዲስ አበባ ከ48 ብር ያነሰ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ ከ100 ብር አልፏል። በ100 ኪሎ ሜትር 12 ሊትር የሚወስድ አሮጌ መኪናና 7 ሊትር የሚወስድ አዲስ መኪና ቢነጻጸሩ፣ በዓመት 12,000 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው ልዩነቱ 600 ሊትር፣ ለስሌት እንዲመች ሊትሩ በ100 ብር ሲታሰብ ደግሞ 60,000 ብር ነው። ይህ ብዙ ገንዘብ ይመስላል፤ ነገር ግን መኪናውን ለመለወጥ የሚጨመረው 1,500,000 ብር በቁጠባ ሒሳብ ውስጥ ቢቀመጥ፣ ባንኮች ለቁጠባ እንዲከፍሉ በተወሰነው ዝቅተኛ የ7 በመቶ ወለድ ብቻ እንኳ በዓመት 105,000 ብር ያስገኛል። ገንዘብ በአንድ ነገር ላይ ስለዋለ ሊያስገኘው ሲችል ያላስገኘው ጥቅም የታጣ ዕድል ዋጋ ይባላል፤ በዚህ ምሳሌ ከነዳጁ ቁጠባ ይበልጣል። በዚህ ላይ ሙሉ የመድን ዋስትና የሚገባ ባለቤት ዓረቦኑ ከመኪናው ዋጋ ጋር አብሮ ስለሚያድግ፣ ውዱን መኪና በየዓመቱ ይበልጥ ይከፍልበታል።

እዚህ ላይ የሚነሣ ተገቢ ተቃውሞ አለ፤ የባንክ ወለድ ከዋጋ ንረት በታች ሆኖ በቆየበት አገር ገንዘብን በባንክ ማስቀመጥ ማቅለጥ ነው፣ መኪና ግን ዋጋ ይዞ ይቆያል የሚል ነው። ተቃውሞው ያለፉትን ዓመታት በትክክል ይገልጻል። ሆኖም የገንዘቡ አማራጭ ባንክ ብቻ አይደለም፤ ያው 1,500,000 ብር የቤት ግንባታን ሊያስጨርስ፣ የሱቅ ዕቃ ሊገዛ ወይም የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ሊሸፍን ይችላል፤ ልዩነቱ በብድር የሚሸፈን ከሆነ ደግሞ የብድር ወለድ ከቁጠባው ወለድ በእጅጉ የላቀ ነው። እቁብ ወለድ የሌለው በመሆኑ ቀላል ቢመስልም፣ ከወር ገቢ ላይ ለዓመታት የሚቆረጠው መዋጮ እንዲሁ ለሌላ ነገር ሊውል ይችል የነበረ ገንዘብ ነው። ስለዚህ 7 በመቶው ለሒሳቡ ዝቅተኛ ወለል እንጂ የተጋነነ ግምት አይደለም።

ቁጥሩን የሚለውጠው የሚነዳው ርቀት ነው። ከጠዋት እስከ ማታ በስልክ ጥሪ ተሳፋሪ የሚያመላልስ አሽከርካሪ በዓመት 50,000 ኪሎ ሜትር ቢነዳ፣ በዚያው የ5 ሊትር ልዩነት 2,500 ሊትር፣ ማለትም 250,000 ብር ይቆጥባል፤ ይህም ከታጣው ዕድል ዋጋ ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። ለእርሱ አሮጌው መኪና ጋራዥ ውስጥ የሚቆምበት እያንዳንዱ ቀንም ገቢ የሌለበት ቀን ስለሆነ፣ ለቤት መኪና ባለቤት መጉላላት ብቻ የሆነው ብልሽት ለእርሱ የቀን እንጀራ ማጣት ነው። ያው መኪና ለአንዱ አክሳሪ ለጎረቤቱ አትራፊ ሊሆን የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ርቀቱን ሳይጠይቅ «አሮጌ ያከስራል» ወይም «አሮጌ ይሻላል» የሚል ሁሉ ግማሹን ሒሳብ ትቶታል።

የጥገናው ጉዳይ ከነዳጁ ይልቅ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ምክንያቱም አሮጌ መኪና ሁሉ በአንድ ዓይነት መንገድ አያረጅም። የፍሬን ሸራ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ የራዲያተር ጎማ የመሳሰሉት ሲያልቁ ሊለወጡ ታስበው የተሠሩ ክፍሎች ናቸው፤ ሞተርና ካምቢዮም ውድ ቢሆኑም ይታደሳሉ፣ ካልሆነም በሌላ ይተካሉ። የማይታደሰው የመኪናው አካል ነው። ዛሬ በብዛት የሚታዩት የቤት መኪኖች ሻንሲና ቦዲ ተለያይተው የተሠሩ ሳይሆኑ፣ ወለሉ፣ ምሰሶዎቹና ጣሪያው ተበይደው አንድ ሆነው ሸክሙን የሚሸከሙ ናቸው፤ ይህ አካል በከባድ ግጭት ከተጣመመ ወይም የተበየደበት ቦታ በዝገት ከተበላ፣ የባትላሜራ ባለሙያ መልኩን ቢመልሰውም የቀድሞ ጥንካሬውን መመለሱ እጅግ አጠራጣሪ ነው። የአዲስ አበባ ደጋ አየር ከባሕር ዳርቻ ከተሞች ይልቅ ለብረት የሚራራ ቢሆንም፣ ክረምት በመጣ ቁጥር በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው ከሚበተንባቸው የአውሮፓ አገሮች የመጡ መኪኖች ዝገቱን ይዘውት የገቡ ሊሆኑ ይችላሉ። መኪናውን ከፍ አድርጎ ከሥሩ ማየት ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩን ከማድመጥ ይበልጥ የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ የሚያሳዝነው ግን አብዛኛው ገዢም ባለቤትም የሚያደርገው የኋለኛውን ነው።

በሞተር ላይ የሚሰጠው ፍርድም በአዲስ አበባ ከፍታ ምክንያት ሊሳሳት ይችላል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ በመሆኗ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው በሩብ ገደማ ያንሳል፤ ያለ ቱርቦ የሚሠራ ሞተር፣ ማለትም አየርን በራሱ ስበት ብቻ የሚያስገባ ሞተር፣ አዲስ ቢሆን እንኳ ከጉልበቱ ከአምስተኛ እስከ ሩብ የሚደርሰውን እዚህ ያጣል። ካርቡሬተር ያላቸው የቀድሞ መኪኖች አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑን በዚያው ልክ ስለማይቀንሱ፣ ለከፍታው ካልተስተካከሉ በስተቀር ጥቁር ጭስ ያጨሳሉ፤ ሰማያዊ ጭስ ግን ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የማያቋርጥ ነጭ ጭስ ደግሞ ብዙ ጊዜ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ተበላሽቶ ውኃ ወደ ሲሊንደር መግባቱን ያመለክታል። በሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን የመጭመቅ አቅም የሚለካው የኮምፕሬሽን መለኪያም እንዲሁ ነው፤ በባሕር ጠለል 12 ባር የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር አዲስ አበባ ላይ 9 ባር ገደማ ቢያሳይ ከፍታው እንጂ ሞተሩ አልታመመም። የአምራቹን መጽሐፍ ቁጥር እንዳለ ወስዶ «ሞተሩ ይውረድ» ማለት ጤነኛ ሞተር ማስፈታት ነው፤ ይልቅ ሲሊንደሮቹ እርስ በርሳቸው ተነጻጽረው አንዱ ከሌሎቹ በጉልህ ዝቅ ብሎ ከተገኘ ችግሩ እዚያ አለ።

የመለዋወጫ መገኘትም የመኪናውን ዕድሜ ይወስናል። ቶዮታ በኢትዮጵያ ገበያ ላይ የነገሠው ስለማይበላሽ ብቻ ሳይሆን፣ ሲበላሽ ክፍሉ በመርካቶ አካባቢ በሱማሌ ተራ አዲሱም ያገለገለውም ስለሚገኝና መካኒኩም እጁ ስለለመደው ነው። የዕድሜ እኩያው የሆነ ግን በአገሩ ጥቂት ብቻ ያለ የአውሮፓ መኪና በአንድ ሴንሰር እጦት ለወራት ሊቆም ይችላል፤ እንዲህ ያለውን መኪና ከማቆየቱ በፊት ባለቤቱ ዕድሜውን ሳይሆን ክፍሉ የሚመጣበትን መንገድ ቢመረምር ይሻለዋል።

እስካሁን የተነገረው ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያዘነብል ይመስላል፤ ጥቂት የሚነዳ ሰው ክፍል የሚገኝለትንና አካሉ ጤነኛ የሆነውን አሮጌ መኪና ቢያቆይ በገንዘብ አይከስርም። ሒሳቡን ሊሽር የሚገባው ነገር ቢኖር ደህንነት ነው፤ ይህም በብር የማይለካ በመሆኑ ብቻ ከውይይት ውጭ መቅረቱ ትልቅ ጉዳት ነው። የአሜሪካ የመድን ድርጅቶች ያቋቋሙት የአውራ ጎዳና ደህንነት ተቋም ሃምሳኛ ዓመቱን ባከበረበት እ.ኤ.አ. በ2009 የ1959 ስሪት ሸቭሮሌት ቤል ኤርን ከ2009 ስሪት ሸቭሮሌት ማሊቡ ጋር በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር ገደማ እየበረሩ ፊት ለፊት፣ በአሽከርካሪው በኩል እንዲጋጩ አደረገ። ግዙፉና ወፍራም ብረት የለበሰው አሮጌ መኪና የአሽከርካሪው ክፍል ተጨፍልቆ ገባ፤ የማሊቡው የተሳፋሪ ክፍል ግን ቅርጹን ጠብቆ ቆየ። «የድሮ መኪና ብረቱ ጠንካራ ነው» የሚለው በስፋት የሚነገር እምነት የሚስተው እዚህ ላይ ነው፤ ተሳፋሪን የሚያድነው የብረቱ ውፍረት ሳይሆን፣ የመኪናው አፍንጫ ተሰብስቦ የግጭቱን ኃይል እንዲውጥና የሰው መቀመጫው እንዳይጨፈለቅ ሆኖ መነደፉ ነው።

ከግጭቱ በፊት የሚያድነው መሣሪያ ደግሞ ከዚህ አያንስም። የኤሌክትሮኒክ መረጋጋት መቆጣጠሪያ የሚባለው ሥርዓት መኪናው መሪው ካመለከተው አቅጣጫ ወጥቶ መንሸራተት ሲጀምር የአንዱን እግር ፍሬን ብቻ ለይቶ በመያዝ ወደ መስመሩ ይመልሰዋል፤ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2012 ስሪት ጀምሮ፣ በአውሮፓ ኅብረት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ በአዲስ የቤት መኪኖች ሁሉ ላይ ግዴታ ሆኗል። በኢትዮጵያ መንገዶች ላይ ካሉት መኪኖች ብዙዎቹ ከዚህ በፊት የተሠሩ ናቸው። በከተማ መጨናነቅ ውስጥ በቀስታ ብቻ ለሚነዳ ሰው ልዩነቱ ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ ቤተሰቡን ጭኖ በየሳምንቱ ወደ ሐዋሳ ወይም ወደ ደሴ ለሚመላለስ አባወራ ግን ከነዳጁም ከወለዱም ሊቀድም የሚገባው ይህ ነው።

በዚህ ረገድ በአገሩ በቂ ትኩረት ያላገኘ አንድ አደጋም አለ። የጃፓኑ ታካታ ኩባንያ የሠራቸው የኤርባግ ማፈንጃዎች በውስጣቸው ያለው የአሞኒየም ናይትሬት ኬሚካል በሙቀትና በእርጥበት ለዓመታት ሲጎዳ ከመጠን በላይ በኃይል እየፈነዱ የብረት ስብርባሪ ወደ ተሳፋሪው ስለሚወረውሩ፣ በአሜሪካ ብቻ ወደ 67 ሚሊዮን የሚጠጉ ማፈንጃዎች እንዲለወጡ ጥሪ ተደርጓል፤ በጥሪው ከተካተቱት መካከል እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2013 ስሪት ያላቸው ኮሮላዎች ይገኙባቸዋል። መኪናው ወደ ኢትዮጵያ ከመላኩ በፊት ኤርባጉ መለወጡን ወይም አለመለወጡን በዓይን ማወቅ አይቻልም፤ በሊብሬው ላይ የተጻፈውን የሻንሲ ቁጥር ይዞ የአምራቹን ወኪል መጠየቅ ግን ይቻላል። መኪናውን ለማቆየት የወሰነ ባለቤት ሌላ ምንም ባያደርግ ይህን ቢያደርግ፣ የጎማዎቹንም ዕድሜ በጎናቸው ላይ ከተጻፉት አራት አሐዞች ቢያነብ፣ ያለው መኪና ከነበረበት ይሻላል፤ ከአሐዞቹ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጎማው የተሠራበትን ሳምንት፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ያመለክታሉ፤ ጥርሱ ያላለቀ ጎማም በዕድሜ ይደርቃል።

መለወጥን የመረጠ ሰው ዛሬ ወደ አገር ከሚገቡት መካከል በተግባር የሚቀርብለት የኤሌክትሪክ መኪና ነው፤ ይህም ከላይ የተሠራውን ሒሳብ ይቀይረዋል። በ100 ኪሎ ሜትር 15 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም መኪና በዓመት 12,000 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 1,800 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል፤ አንዱ ኪሎዋት ሰዓት 10 ብር ቢታሰብ እንኳ 18,000 ብር ይሆናል፤ የ12 ሊትሩ አሮጌ መኪና ግን በዚያው ርቀት 144,000 ብር ያቃጥላል። ኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይስብ ከፍታው ጉልበቱን አይቀንሰውም፤ አገሪቱም ኤሌክትሪኳን ከሞላ ጎደል በሙሉ ከውኃ ኃይል ስለምታመነጭ የሚወጣው የውጭ ምንዛሪም የሚለቀቀው ጭስም አብሮ ይቀንሳል። ይሁን እንጂ የኤሌክትሪክ መኪና ማስገባት ክፍት እስከሆነና አምራቾች በየዓመቱ የተሻለና የረከሰ ባትሪ እስካቀረቡ ድረስ፣ ያገለገለው የኤሌክትሪክ መኪና እንደ ነዳጅ መኪናው ዋጋ ይዞ ይቆያል ብሎ መጠበቅ አይቻልም፤ ገዢው በሒሳቡ ውስጥ የእርጅና ቅናሽን ማስገባት ይኖርበታል።

ከዚህም ሌላ በአዲስ አበባ ከሚታዩት የኤሌክትሪክ መኪኖች ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ ብቻ ተብለው የተሠሩ ናቸው፤ የቮልስዋገኑ አይዲ 6 ለምሳሌ ከቻይና ውጭ በአምራቹ በይፋ ተሽጦ አያውቅም። እንዲህ ያለው መኪና በመሥሪያ አገሩ ያለው የባትሪ ዋስትና፣ በብዙ አምራቾች ዘንድ ስምንት ዓመት ወይም 160,000 ኪሎ ሜትር የሆነው፣ እዚህ ስለመጽናቱ በጽሑፍ ካልተረጋገጠ እንደሌለ መቆጠር አለበት፤ የኃይል መሙያ ሶኬቱም በቻይና ደረጃ የተሠራ ስለሚሆን ከሌሎች ጣቢያዎች ጋር ላይገጥም ይችላል። ያገለገለውን የሚገዛ ሰው የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ከማየት ይልቅ የባትሪውን ጤንነት፣ ማለትም አዲስ ሳለ ይይዝ ከነበረው ኃይል አሁን ስንት በመቶ እንደቀረው፣ በኮምፒውተር አስመርምሮ ውጤቱን በወረቀት ቢቀበል ይመረጣል። በአምራቹ የተነገረው ርቀትም በሜዳ ላይ የተለካ መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል፤ 1,800 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ 700 ሜትር ገደማ ስለሚወጣ፣ ለከፍታው ብቻ ከሦስት ኪሎዋት ሰዓት በላይ፣ ማለትም በሜዳ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ሊያስኬደው የሚችል ኃይል ይጠቀማል። ቁልቁል ሲሄድ ሞተሩ እንደ ዲናሞ ሆኖ ከዚህ ከፊሉን ወደ ባትሪው ይመልሳል፤ ባትሪው ሙሉ በሙሉ ተሞልቶ ከአዲስ አበባ ከተነሣ ግን የሚመለሰውን መቀበያ ቦታ ስለማይኖረው፣ ወደ አዳማ የሚወርድ ሰው ጥቂት ጎደል አድርጎ ሞልቶ መነሣቱ ይበጀዋል።